ሸክም ልንሸጥ መርካቶ

መርካቶ ውስጥ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ሸክም እንዲያወርዱለት ነው። እኛ ደግሞ ሸክም ስላነሳ ልናስከፍለው ገባን። ነገሩን እንዲህ ጨምቆ ያስቀመጠልኝ ቤቱን ያከራየን ደላላ ነው። ያስቀመጠልኝ ግን ኮሚሽኑን ተቀብሎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው።

የነገሩ ጠንሳሽ የአክስቴ ልጅ ነው። ዱባይ አንድ ጂም ቤት ውስጥ ፎጣ ከማጠፍ ጀምሮ ሰው እስከማሠራት የደረሰ፣ አገሩ ሲገባም ከሽቶ ይልቅ ጓንትና የወገብ ቀበቶ ይዞ የመጣ ልጅ ነው። እንደ መጣ አዲስ አበባን በስልኩ ካርታ ላይ ዘርግቶ ማጥናት ጀመረ። ቦሌ ላይ ጣቱን ያስቀምጥና "ሞልቷል" ይላል። እውነቱን ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ ቦሌ መንገድ ላይ ባሠራው ዓለም ሕንፃ ጂም አለው፤ ከኃይሌ ጋር መፎካከር ደግሞ ኬንያውያኑንም አድክሟቸዋል። ካዛንቺስ ሞልቷል፣ ሳር ቤት ሞልቷል፣ ሲኤምሲ ሞልቷል። ጣቱ ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ አዲስ ከተማ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ በራ።

"ይኸው! አገር ምድሩ የሚርመሰመስበት ሰፈር፣ አንድ ጂም የለውም።"

"መርካቶ የበረዶ መንሸራተቻም የለውም" አልኩት። ሰባተኛ አካባቢ ተወልጄ ስላደግሁ ሰፈሬን አውቃታለሁ። እሱ ግን ማስታወሻው ላይ "ተፎካካሪ፦ የለም" ብሎ ጽፎ ጨርሷል። እኔም የሒሳብ ሙያ አለህ ተብዬ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ዘመድ ሲሾምህ እምቢ አይባልም።

ተፎካካሪ የለም ያለው ካርታው ላይ ስላልታየው ነው። ከአመዴ ገበያ ወደ ታች ባሉት ቅያሶች፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ የሰፈር ልጆች ጂም ያልነበረበት ዘመን አላስታውስም። ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ይሞላል፣ በውሃ ቱቦ ይያያዛል፣ ሲደርቅ ይነሳል። አንደኛው ጣሳ ሁልጊዜ ከሌላኛው ስለሚከብድ በኛ ጊዜ የነበሩ ጎረምሶች የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ይልቅ ነበር። መተኛዋ ከትምህርት ቤት የተጣለች ዴስክ፣ መስታወቱ ከተሰበረ ቁም ሳጥን የተረፈ ቁራጭ፣ ክፍያው ደግሞ ለሻይ የምትወረወር ሳንቲም ናት። ከኛ የቀደሙት እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ነበራቸው። በጃንሆይ ጊዜ ወወክማ፣ ማለትም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ የከተማውን ወጣት ስፖርት ያሠራ ነበር። ደርግ መጣና ወረሰው። ታዲያ እኛ ስንከፍት የቅያሱ ልጆች መጡ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተሰቀለውን መስታወታችንን አዩ፣ ፊት ለፊቱ ቆመው ክንዳቸውን አሳብጠው ፎቶ ተነሱ፣ አመስግነው ወደ ጣሳቸው ተመለሱ።

ቤት ማግኘቱ ራሱን የቻለ ትግል ነበር። የዚህች ከተማ ገበያ ዱሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ለራሱ አራዳን ሲፈልግ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ እዚህ አሰፈረው። ነጋዴው ሲገፋ ሸቀጡን ይዞ መጣ፣ ተራ በተራ ተደረደረ፦ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ። ለሁሉም ተራ ወጣለት። ሰው እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚንጠራራበት ተራ ግን የለም። ምድር ላይ ያለች ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ሱቅ፣ ከኪራይዋ በፊት የቁልፍ ገንዘብ ትጠየቃለህ፤ የቁልፉ ዋጋ ሌላ ሰፈር ቤት ከነግቢው ይገዛል።

ደላላው ግን ዘዴ ነበረው። መርካቶ ውስጥ ገዢ ፎቅ አይወጣም። ምድር ቤት ሰው በሰው ላይ ሲተራመስ አራተኛ ፎቅ ላይ እርግብ ትፈለፍላለች። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ፣ ሰፊ አዳራሽ፣ ቁልፉም በአቅማችን። ሊፍቱ? "ተተክሏል" አለን ደላላው። መተከሉ እውነት ነው፤ ሲንቀሳቀስ ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ኋላ ላይ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ላቡን እየጠረገ በራችን ላይ ብቅ አለና "በሉ ስፖርቱን ሠርቼ ጨረስኩ፣ ልውረድ" ብሎን በዚያው ተመለሰ። ሒሳብ አልጠየቅነውም።

ማሽን ከውጭ እናስገባ እንዳንል ዶላሩ የለም። አንድ ትሬድሚልና ሁለት ብስክሌት ከዘጋ ጂም በአሮጌ ዋጋ ገዛን። ክብደቱን ያሠራነው ምን አለሽ ተራ ነው። ምን አለሽ ተራ ብረት ሞቶ የሚነሳበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ባልስትራው መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ለአንጥረኛው በስልኩ የአሜሪካ ጂም ሥዕል አሳየው። አንጥረኛው አገላብጦ አየና "ለዚህ ነው እንዴ ዶላር ያስቸገረህ?" አለው። ቸርኬውን ቆረጠ፣ ቮላኖውን በየደ፣ መሐሉን በሳ፤ በሳምንቱ ክብደቶቹን በጋሪ ጫነልን። በእያንዳንዱ ላይ በብየዳ ጠብታ ቁጥር ጽፎበታል፦ 5፣ 10፣ 20። ጠብታው በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል። አንዱ ሃያ ኪሎ ላይ የኢሱዙ መኪናው መለያ ቁጥር ገና አልጠፋም ነበር።

ዕቃውን አራተኛ ፎቅ ያወጡልን የተራው ተሸካሚዎች ናቸው። ትሬድሚሉን ያወጣው አንዱ ብቻውን ነው። ጆንያ አጥፎ ወገቡ ላይ ጣለ፣ ጎንበስ አለ፣ ጓደኞቹ በገመድ ጠፈሩለት፣ "ዞር በሉ!" እያለ ደረጃውን ወጣው። እነዚህ ሰዎች አንድ ኩንታል፣ ማለትም መቶ ኪሎ፣ ከመኪና እስከ መጋዘን ቀኑን ሙሉ ሲያመላልሱ ይውላሉ። አወረደና፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ፣ ማሽኑን በእግሩ ነካ አደረገው።

"ምንድነው ይሄ?"

"መሮጫ ነው።"

"ወዴት?"

"ወዴትም። እዚያው ላይ ነው የሚሮጠው።"

"ብረቶቹስ?"

"ሰው እያነሳ ያስቀምጣቸዋል።"

"የት?"

"ካነሳበት።"

ትንሽ አሰበ። "በስንት ነው የምትቀጥሩት?"

ከፋዩ ራሱ እንደሆነ ነገርኩት። ያሾፍኩበት መስሎት ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄደና ወደ ታች ጮኸ፦ "ኑ ውጡማ! እዚህ ኩሊ ሆኖ የሚከፍል ሰው ይፈለጋል!" የመጀመሪያው ማስታወቂያችን ይሄ ነበር። ሳቁ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ለብዙ ቀን እዚያው ተቀመጠ።

የአክስቴ ልጅ "አዲስ ዓመት፣ አዲስ ሰውነት" የሚል ሐሳብ ከዱባይ ይዞ ስለመጣ የምንከፍተው በመስከረም እንዲሆን ወሰነ። እንቁጣጣሽ አልፎ የመስቀል ሰሞን ሪባን ቆረጥን። የመርካቶን ነገር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። መርካቶን ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ጉራጌዎች ናቸው፣ ጉራጌ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይሞላል፣ ክትፎው እዚያ ነው። መርካቶ ጭር ስትል ማየት የሚፈልግ ያን ጊዜ ይምጣ። በመክፈቻችን ዕለት የተገኙት ደላላው፣ እናቴ፣ እና ቆሎ የምታዞር አንዲት ልጅ ናቸው። ልጅቱ ብስክሌቷን ሞከረቻት፤ ወደደቻት።

ነጋዴው ከአገሩ ሲመለስ ማስታወቂያው ተጀመረ። የአክስቴ ልጅ ራቁት ጡንቻውን እያሳየ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከሀዋሳ ወደዱት፣ ከጅዳ ወደዱት፣ ከዋሽንግተን አንዲት ሴትዮ ለትዳር ጠየቀችው፤ ከመርካቶ የመጣ ግን አልነበረም። ባነር አሠራን፤ ከኢንተርኔት የወረደ፣ በቅባት የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ሙታንታ ፈረንጅ። ባነሩ በተሰቀለ ማግስት አንድ ሰው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ "ሙታንታውን በጅምላ ስንት ታደርጉታላችሁ?" አለ። ሌላው የቅባቱን ዋጋ ጠየቀ። መርካቶ ውስጥ ሥዕል ከተሰቀለ የሆነ ዕቃ ይሸጣል ማለት ነው፤ ሰውየው ራሱ ሸቀጥ ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ቀጥሎ ሞንታርቦ ተከራየን። በሴት ድምፅ የተቀዳ ነው፦ "ቦርጭ አስቸገረዎት? ዛሬውኑ ያጥፉት!" ክፋቱ ከሥራችን ያለው ነጋዴ የአይጥ መርዝ ይሸጣል፤ እሱም ሞንታርቦ አለው፤ እሱም "አስቸገረዎት?" ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲለቀቁ አላፊ አግዳሚው የሚሰማው የቦርጭ መርዝና አይጥ የሚያጠፋ ስፖርት ነው። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአዛንና በቅዳሴ ሰዓት ሞንታርቦ ማጥፋት ማንም ሳይነግርህ የምታውቀው ወግ ነው። ቀሪው ሰዓት የአይጥ መርዙ ነበር።

ለነገሩ ስለ ቦርጭ ያሰብነው ሁሉ መርካቶ ላይ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። እዚህ ቦርጭ ዋስ ነው። ቦርጫም ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲታይ አስመጪው ዕቃውን በዱቤ ይለቅለታል። ነጋዴው ድንገት ከሳ ከተባለ ግን ስልኩ መጮህ ይጀምራል፤ ያበደሩት ሁሉ ደኅንነቱን ሊጠይቁት ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው "ልጄ፣ እኔ ብከሳ ባንኩም ይደነግጣል" ብለው በትሕትና ሸኝተውኛል።

እንግዲህ ደላላው እንደገና ብቅ አለ። "ዕቃ ይዛችሁ አየር ላይ ትጮኻላችሁ። መርካቶ ደላላ ሳይኖር ምን ተሽጦ ያውቃል?" አለን። የወር ክፍያችን 800 ብር ነበር። ደላላው ባመጣው ሰው ቁጥር ኮሚሽን ተስማማን። ያመጣቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ "የመጨረሻው ስንት ነው?" የአክስቴ ልጅ በዱባይ ወግ "ዋጋው ቋሚ ነው" ሲላቸው ስድብ እንደሰሙ ያዩታል። ተከራክሮ ያልቀነሰ ገዢ እንዳልገዛ ነው የሚቆጥረው። በኋላ እኔ ዋጋውን 1000 ብር ብዬ ለጠፍኩና እየተከራከርኩ 800 ላይ መዝጋት ጀመርኩ፤ ሁሉም እየሳቀ ከፈለ።

ከእነሱ አንዱ፣ ዱባይ ተራ ጫማ የሚያከፋፍል ወጣት፣ ጥያቄው ከሌሎቹ ይለይ ነበር። "አሥር ካርድ በአንዴ ብወስድ በስንት ትሰጡኛላችሁ?" አለ። ለሠራተኞቹ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ በ600 ሰጠሁት። ሳምንት ሳይቆይ የማናውቃቸው ሰዎች ካርድ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ካርዱ ፎቶ የለውም፣ ስም የሚሞላበት ክፍት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ልጁ አንዱን ካርድ በ700 ብር እየቸረቸረው ነው። የኛን ጂም ከኛ አሳንሶ እየሸጠ፣ በዚያ ላይ እያተረፈ! የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ልጥራ አለ። ልጁ ተረጋግቶ መለሰለት፦ "ወንድሜ፣ አንተ አስመጪ ነህ፣ እኔ አከፋፋይ ነኝ። የጠፋብህ ምንድነው?" የጠፋብን ነገር እንደሌለ ከሒሳቡ አየሁ፤ የሸጠው ካርድ ከባነሩ፣ ከሞንታርቦውና ከቲክቶኩ ድምር ይበልጣል። ሃያ ካርድ ጨመርኩለት።

ከሱ ከገዙት መሐል በርበሬ ተራ የሚነግዱ አንድ ጋሼ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን በቀኝ እጃቸው አንድ ሃያ ኪሎ፣ በግራቸው ሌላ ሃያ ኪሎ ያዙና ትንሽ መዘን መዘን አደረጓቸው። "እነዚህ አንድ አይደሉም" አሉ። አሰልጣኛችን ጡንቻዎ ስላልለመደ ነው አላቸው። ጋሼ አልተናገሩም። በማግስቱ ሚዛን ያሸከሙት ልጅ ከኋላ አስከትለው መጡ፤ ሚዛኑን ከመስታወቱ ሥር አስቀመጡ፣ ክብደቶቹን አንድ በአንድ አወጡበት። ባለ ኢሱዙው 23 ኪሎ ሆነ። ጓደኛው አሥራ ስምንት ተኩል። አሥር የተባለው አንዱ ዘጠኝ አልሞላም። የሚሠራው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበን።

"እኔ የከፈልኩት ለሃያ ኪሎ ነው" አሉ ጋሼ። "አንድ ኪሎ ተኩሌ የት ገባ?"

"ጋሼ፣ የዚያኛው እኮ ሦስት ኪሎ ተርፏል" አልኳቸው።

"እሱ ምርቃት ነው። ምርቃት ከጎደለው ላይ አይታሰብም።"

ሕግ ነው። አንጥረኛው ተጠርቶ የጎደለው ላይ ብረት በየደ፣ የተረፈውን ሊልጥ ሲል ጋሼ ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ጂማችን በመርካቶ "ሚዛኑ የታመነ" ተባለ። እንዲህ ያለ ስም በገንዘብ አይገዛም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ክብደታችን የጠየቀ የለም።

አሰልጣኛችን ጥሩ ልጅ ነው፣ ሙያውንም ያውቃል። ክብደት ከመሬት ሲነሳ ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ቀጥ ይላል፣ ብረቱ ከገላ አይርቅም፣ ኃይሉ የሚመጣው ከጭንና ከቂጥ ነው። ይሄን ሲያስተምር ያ ትሬድሚል ያወጣልን ተሸካሚ በር ላይ ቆሞ ሲያይ አየውና "ና ሞክር" አለው። መቶ ኪሎ ተጫነ። ሰውየው ወገቡን አጉብጦ፣ ትንፋሹን ሳይውጥ፣ አንስቶ ቆመ፤ "ወዴት ልውሰደው?" አለ። አሰልጣኙ ወገብህ ይቆረጣል ብሎ ጮኸ፣ ብረቱን አስወረደውና እንደገና በትክክለኛው መንገድ አስነሳው። ሰውየው ሁለቱን አመዛዘነ። "ይሄኛው ለወገብ ይሻላል። ግን ደረጃ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ ተጭኖ፣ ይሄን መቼ አደርገዋለሁ?" አሰልጣኙ መልስ አልነበረውም። ሆኖም እሑድ እሑድ ወገባቸውን የሚያሳስቡ ተሸካሚዎች ይመጡ ጀመር፤ ክፍያቸው ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ማውጣት ነበር። በመዝገቤ ላይ "በዓይነት" ብዬ ይዤዋለሁ።

ጂሙን ያቆመው ግን ጡንቻ ፈላጊ አይደለም፤ ስኳርና ደም ግፊት ነው። ሸማ ተራ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሐኪማቸው እንዲራመዱ አዟቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሐጂ አካፈሉት፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ግን የት? መርካቶ ቀን ላይ መራመድ አይቻልም፤ ጋሪ ይገፋሃል፣ ተሸካሚ "ዞር በል!" ይልሃል፣ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ሰላም የሚልህና ዕዳ የሚያስታውስህ ሰው አለ። ደግሞስ ሱቁ ለማን ይተዋል? "ከሱብሂ ሶላት በኋላ ብትከፍቱ ነው" አሉን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መክፈት ጀመርን። ከአንዋር ሶላት የጨረሱ፣ ከራጉኤል ኪዳን ያደረሱ፣ አንድ ደረጃ ላይ እየተገናኙ "እንዴት አደሩ" ይባባላሉ። የአክስቴ ልጅ የነደፈው የማታ ፕሮግራም ባዶውን ሲያድር የንጋቱ ሰዓት ወረፋ ወጣለት።

ሐጂ ትሬድሚሉን የሚወጡት በነጠላ ጫማ፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ነው። አበበ ቢቂላ ሮምን በ1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ስለሮጠ ስለ ጫማ ሊከራከሯቸው የደፈረ የለም። አንድ ንጋት እየተራመዱ ከደሴ ደንበኛቸው ጋር ሲነጋገሩ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቀስ ብሎ ቆመ። ሐጂ በጨለማው ውስጥ እጀታውን እንደያዙ፣ ስልኩን ሳይዘጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልጆች፣ ደረስኩ ማለት ነው?" አሉ።

መዝገቡን ሳጠና ግን የማይገባ ነገር አየሁ። ፈርሞ ገብቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚወጣ ሰው በዛ። ሲወጣ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ፊቱ ወዝቷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ተከተልኩት፤ ሻወር ነው። የድሮው የመርካቶ መኖሪያ አንድ ቧንቧ ለግቢው፣ አንድ መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ ነው፤ የሱቅ ሠራተኛው ልጅ የሚያድረው እዚያው ዕቃው ላይ ነው። እኛ ጣሪያው ላይ ሮቶ አለን፣ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ እናስመጣለን፣ ከሁሉም በላይ ቦይለር አለን። ጠዋት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሱቁን መክፈት ለነዚያ ልጆች ከማንኛውም ክብደት ይበልጥባቸዋል።

የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። "የከፈትኩት ጂም እንጂ ሻወር ቤት አይደለም!" አለ። ይቺ ከተማ የተቆረቆረችው ምን ፍለጋ እንደሆነ አስታወስኩት። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳለ ባለሟሉ እየወረደ የሚታጠበው ፍል ውሃ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደውት ቤት አሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. ስሟንም አወጡላት። ሂልተንም በ1962 ሲከፈት የመዋኛ ገንዳው የዚሁ የከርሰ ምድር ሙቅ ውሃ ደረሰው። ንጉሠ ነገሥቱን ከተራራ ያወረደ ሙቅ ውሃ የጫማ ሻጭ ልጅ አራተኛ ፎቅ ቢያስወጣ ምን ይገርማል? ለሻወር ብቻ ሌላ ታሪፍ አወጣሁ፤ ባነሩ ላይ ፈረንጁ ወርዶ የውሃ ጠብታ ተሳለ። ኪራዩን መክፈል የጀመረው ሻወሩ ነው። የቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት ደግሞ ወንድ እንዳይገባ ተደርጎ ለሴቶች ተለቀቀ። በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ሴት አሰልጣኝ ተቀጠረች፣ ከሱቅ የወጡ እናቶችና ልጃገረዶች ሒጃባቸውንና ነጠላቸውን መስቀያው ላይ እየተዉ ይዘላሉ። ከውጭ የሚሰማው ሳቅ ነው። የወር ክፍያቸውን ሳያዛንፉ የሚከፍሉ እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እንደ ዕቁብ ሰብስባ የምታመጣልኝ አንዷ ነበረች።

እንግዲህ ሥራው መስመር ያዘ ስንል ሥራው መስመር መያዙን ሌላ ሰው አየ። አንድ ብርድ ልብስ አስመጪ መጋዘን ይፈልጋል። ፎቅ አይወጣም የተባለው ሰው በየቀኑ ሲወጣ ያየው ያው ደላላችን ነው፤ "ሰው የለመደው ፎቅ" ብሎ ለአስመጪው ነገረው። አስመጪው ለቁልፉ የጠራው ገንዘብ ጂሙ በብዙ ዓመት ከሚያስገባው በላይ ነበር። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያ አይደረግም አለ፤ ቀጥሎ ቁጥሩን ደግሞ ጠየቀ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ገንዘቡን ቆጠረ። ሒሳቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ከጂሙ ያገኘነው ትልቁ ትርፍ ከጂሙ መውጣታችን ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ከሁለት ወገን ወሰደ። ጫማ አከፋፋዩ ልጅ በእጁ ለቀሩት ካርዶች ካሣ ብሎ ትሬድሚሉን ጠየቀ፤ ያ ተሸካሚ በወገቡ አወረደለት፣ ልጁም ሳይመሽ ሸጠው።

አባላቱ የተበተኑ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ንጋቱን ለምደውታል። ሐጂ ሱብሂ ሰግደው ሲወጡ፣ የበርበሬ ተራው ጋሼ ኪዳን አድርሰው ሲመጡ፣ ከአንዋር ደጃፍ ይገናኙና ሱቅ ሳይከፈት፣ ጋሪ ሳይወጣ፣ በአውቶቡስ ተራ ዞረው እስከ ሰባተኛ ይራመዳሉ። ኪራይ የለ፣ መብራት የለ፣ ማሽን የለ። ነጋዴ ግን ያለ ገንዘብ ለቃሉ አይታመንምና ዕቁብ አቋቋሙ፤ በየቀኑ ይጣላል፣ በሳምንት ዕጣ ይወጣል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል። ዳኛው ጋሼ ናቸው። እኔን ጸሐፊ አድርገውኛል። ሰሞኑን ብርዱ ጠንከር ሲል ተኝቼ ቀረሁና ጋሼ ቅጣቴን በራሴ መዝገብ ላይ በራሴ እጅ አስጻፉኝ። የመጨረሻው ስንት ነው አልኳቸው። ትንሽ ቀነሱልኝና፣ ስመርቃቸው ሰምተው፣ በቀነሱት ልክ ነገ አንድ ዙር ጨምረህ ትዞራለህ አሉኝ።